እየገዘፈ የሄደው ርዕስ

ጡረተኛው ዳኛ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ ፊታቸው ወደ ኮምፒውተሩ እንደዞረ ነው ሞተው የተገኙት። እግራቸው ሥር ማንኪያ ወድቋል። ሐኪሙ በጠብታ ብቻ የሚወሰደውን የልብ መድኃኒት በማንኪያ ደጋግመው እንደጠጡ አረጋገጠ። መርማሪዋ የጠረጴዛውን መሳቢያ ስትከፍት ሁለት አንድ ዓይነት ቡናማ ጠርሙሶች አገኘች፤ አንዱ የልቡ መድኃኒት፣ ሌላው የሳል ሽሮፕ። ለማንም ሳታሳይ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው።

ደጃቸውን የሚረግጡት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አብሯቸው የሚኖረው የወንድማቸው ልጅ፣ የቤት ሠራተኛዋና መጽሐፋቸውን የምትተይበው ጸሐፊ። ሳሎን የተደረደሩት የእንግዳ ወንበሮች አቧራ ለብሰዋል።

የወንድም ልጁ አጎቱ ብቸኝነት አንገሽግሿቸው ራሳቸውን ሳያጠፉ እንዳልቀሩ ነገራት። ተሳስተው ይሆን እንዴ ስትለው ራሱን ነቀነቀ።

«ዐይናቸው ደህና ነበር። የጠርሙሱን ጽሑፍ አንብበው፣ ዐውቀው ነው የጠጡት። መሳቢያቸውን ደግሞ ለማንም አያስነኩም፤ እኔ እንኳ ውስጡን አይቼው አላውቅም።»

ሠራተኛዋ ቁጥብ ሴት ናት። የወንድም ልጁ ቤቱ እንዲሸጥ ሲወተውት ዳኛው እምቢ እንዳሉት ተናገረች። ቢሆንም ሐሜት እንዳይሆንባት ፈራችና ደግነቱንም ጨመረች፤ ከጠረጴዛው በላይ ያለውን ደማቅ መብራትና ቁጥሩ ትልልቅ የሆነውን ስልክ ገዝቶ ያመጣላቸው እሱ ነው።

ጸሐፊዋ መጽሐፉን አሳዪኝ ስትባል ፋይሉን ከፈተች። «ሰምቼ የፈረድኩት» የሚል ርዕስ ብቻ ታየ፤ በቢጫ መደብ ላይ ጥቁር ወፍራም ፊደል፣ ገጹን ከዳር እስከ ዳር የሞላ።

«ሌላውስ?»

«ሌላ የለም። ወራት ሙሉ ርዕሱን ስናሳምር ነው የከረምነው። መጀመሪያ ቀጭን ግራጫ ፊደል ነበር፣ ጥላ ያለው፣ ሲያምር። ቆይተው ጥላውን አጥፊው አሉ። ከዚያ አድምቂው፣ አሳድጊው፣ ቀለሙን ቀይሪው። እኔ እንድመጣላቸው ሰበብ የሚፈልጉ ይመስለኝ ነበር።»

የቀድሞዎቹም ፋይሎች ሁሉ ተቀምጠዋል። መርማሪዋ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተራ በተራ አስከፈተቻቸውና ተመለከተቻቸው።

በማግሥቱ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። የወንበሮቹን አቧራ የጠረገችው ራሷ ናት።

«ዳኛው ዐይናቸው እየጠፋ ነበር» ብላ ጀመረች። ግራጫው ከነጩ ገጽ ጋር ይቀላቀልባቸዋል፤ ጥላው ፊደሉን ድርብ ያደርግባቸዋል። ስለዚህ ጥላው ጠፋ፣ ፊደሉ ወፈረ፣ ገዘፈ፣ በመጨረሻም ቢጫ ላይ ጥቁር ሆነ። ከርዕሱ ያላለፉትም የተተየበውን አንብበው ማረም ስለማይችሉ ነው። ቤትዎን ይልቀቁ እንዳይባሉ ፈርተው ለማንም ትንፍሽ አላሉም።

«ማየት ያቃተው ሰው ጠርሙስን የሚለየው በእጁ ነው። ዳኛው የልብ መድኃኒታቸው ላይ ምልክት አድርገው ነበር። አንድ ሰው ምልክቱን ወደ ሽሮፑ አዛወረው። ዳኛው ሲያስላቸው ምልክት የሌለውን አነሱ፣ ሽሮፕ መስሏቸው በማንኪያ ጠጡት።»

«ላስቲክ እኮ ከቦታው ሊወልቅ ይችላል» አለ የወንድም ልጁ። «ራሳቸው አሳስተው መልሰውት ይሆናል።»

መርማሪዋ አንገቱ ላይ ላስቲክ የተጠመጠመበትን የሽሮፕ ጠርሙስ ከቦርሳዋ አውጥታ ወደ እሱ ዞረች።

«እኔ ምልክት ነው ያልኩት። ክር ይሁን፣ ፕላስተር ይሁን፣ ላስቲክ ይሁን አልተናገርኩም። አንተ ደግሞ መሳቢያውን አይቼው አላውቅም ብለኸኛል። ደማቁን መብራትና ያንን ስልክ የገዛኸው ዐይናቸው ስለደከመ ነው፤ ለእኔ ግን ደህና ነበር አልከኝ። ማየታቸውን ካላመንኩ ራሳቸውን ማጥፋታቸውን አላምንማ።»

ደጅ ይጠብቁ የነበሩት ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ ሠራተኛዋ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተከተለች።

ጸሐፊዋ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

«አጠገባቸው ተቀምጬ ዐይናቸው መድከሙን አላወቅኩም» አለች። «እኔ ማማሩን ብቻ ነበር የማየው።»

መርማሪዋ ቤት የሚጠብቃት ሰው እንዳለ ጠየቀቻት።

«የለኝም። እርስዎስ?»

መርማሪዋ ሰው ስትጠይቅ የምትውል ሴት ናት፤ እሷን የሚጠይቃት ግን አልነበረም።

«እኔም የለኝም» አለች።

ደረጃውን አብረው ወረዱ። የመርማሪዋ መንገድ ወደ ግራ ነበር፤ ጸሐፊዋ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ግን አብራት ታጠፈች።