የስድስት ወር ዓይን

«ቁም! አባዬ፣ ቁም!»

ሃሴት የመኪናውን ጎን በሁለት እጇ ደበደበችው። መኪናው ቀጥ አለ። ከኋላ ጎማው አንድ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ የኬጂው ሱልጣን ቁጢጥ ብሎ ከምሳ ዕቃው የተደፋውን ድንች ይለቅማል። ቀና ብሎ አያትና ሳቀ።

አባቷ ግዛቸው ወርዶ ልጁን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ሱልጣንን አንሥቶ መቀመጫው ላይ አስቀመጠው። «ካሜራው ጠፋብኝ» አለ። «ድንገት ነው የጨለመው።»

ግዛቸው አንገቱን ማዞር አይችልም። የጭነት መኪና ሾፌር ሳለ ተገልብጦ ከተረፈ ወዲህ ወደ ኋላ ለማየት መላ ሰውነቱን ማዞር አለበት። የታቦር ትምህርት ቤት ሕፃናትን ለማመላለስ ይህችን የኤሌክትሪክ መኪና ሲመርጥም ለኋላ ካሜራዋ ብሎ ነው። የሚያመላልሳቸው ልጆች ሰባት ናቸው፤ የሚያነሣቸው ደግሞ መውጫ ከሌላቸው አራት ቅያሶች ነው። ከእያንዳንዱ የሚወጣው ወደ ኋላ እየነዳ ነው።

ሃሴት ጎንበስ ብላ ስክሪኑን አየች። እንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጥቶበታል።

«ምን ይላል?»

«የስድስት ወሩ ነጻ ሙከራ አልቋል ይላል። ካሜራው እንዲሠራ በየወሩ ክፈሉ ነው የሚለው። በዶላር፣ በውጭ ባንክ ካርድ።»

«የምን ሙከራ? ገዝቼዋለሁ እኮ!» ግዛቸው ወደ ኋላ ሄዶ ካሜራዋን በሸሚዙ ጫፍ ጠረጋት። «ይቺው አለች! መኪናዬ ላይ ተሰክታ። የራሴን ዕቃ ልከራይ ነው?»

ለሻጩ ለኢዮስያስ ደወለ። ቤተ ክርስቲያን አብረው የሚያገለግሉ ሰዎች ናቸው።

«ወንድም ኢዮስያስ፣ ሰላም ነህ? የመኪናዋ ካሜራ...»

«እሱ የኩባንያው ነው ወንድሜ፣ እኔ የለሁበትም» አለ ድምፁ ከስልኩ ውስጥ። «ደግሞ ልጅህ ናት እኮ ስክሪኑ ላይ የተስማማችው። በል ጌታ ይባርክህ፣ ሰው አለብኝ።»

ግዛቸው ስልኩን ኪሱ ከተተና መላ ሰውነቱን ወደ እሷ አዞረ።

«አንቺ ነሽ?»

እሷ ነበረች። መኪናዋን በተረከቡ ቀን ስክሪኑ ላይ የማያልቅ ጽሑፍ መጣ። አባቷ «አንብቢልኝ» ብሏት ጀምራም ነበር። ግን የኢዮስያስ ልጅ ክብሩ፣ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ የተጋሩት ጓደኛዋ፣ በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ፣ «ባክሽ ዝም ብለሽ ተጫኚው! ይሄን ማን ያነባል?» ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ተጫነችው።

አባቷ ትምህርት ቤቷ በር ላይ ሲያወርዳት ትክ ብሎ አያትና የቀሩትን ልጆች ሊያነሣ ሄደ።

ክብሩን ቧንቧው አጠገብ አገኘችው።

«የካሜራውን ነገር ታውቅ ነበር?»

«የቱን?»

«ክብሩ!»

እጁን ታጠበ። የታጠበውን እጁን ደግሞ ታጠበ። «አውቅ ነበር። አባዬ ለገዢ እንዳትናገር ብሎኝ ነው። ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ዛሬ አንድ ሕፃን ልንገጭ ነበር።»

«አታካብጂ ደግሞ፤ አልተገጨም አይደል?» ዙሪያውን ቃኝቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ፣ መፍትሔ አለው። እኛ ጋ የሚሠራ አንድ ልጅ ላፕቶፑን ይሰካና ኩባንያው የዘጋውን ይከፍተዋል። አባዬን እለምንልሻለሁ፤ ለእናንተ ነገውኑ፣ በነጻ። ብቻ ለጓደኛሽ ለሶፍያ እንዳትነግሪያት። እናቷ ቅዳሜ የመኪና ቀብድ ልትከፍለን ነው።»

«ለእነሱስ ይከፈትላቸዋል?»

«ሲዘጋባቸው ይመጣሉ፣ ለአባዬ ይከፍላሉ፣ ይከፈትላቸዋል።»

ሃሴት አንድ እርምጃ ቀረበችው። «ለዚህ ነዋ ያልነገራችሁን።»

«ጓደኛዬ ስለሆንሽ ነው እኮ በነጻ ያልኩት!»

«በመስኮት አንገትህን ስታስገባም ጓደኛዬ ነበርክ።»

በታሪክ ክፍለ ጊዜ መምህሩ ምን እንዳስተማሩ አልሰማችም። እሺ ብትል ነገ ስክሪኑ ይበራል። አባቷ የእነ ሱልጣንን ጭንቅላት ያያል። እሷንም እንደ ጠዋቱ አያያትም። ለሶፍያ ደግሞ፣ እናቷ መኪና ስታፈላልግ፣ «የኛ ዓይነት ግዙ፣ በጣም አሪፍ ናት» ያለቻት ራሷ ሃሴት ናት።

የእረፍት ደወል ሲደወል ሶፍያ በወረቀት የተጠቀለለ ሳምቡሳ ይዛ መጣች። ገና ሳትቀመጥ ግማሹን ቆርሳ ሰጠቻት።

«ቀለም እኔ ነኝ የምመርጠው! እማዬ ነጭ ትላለች። ነጭ የሙሽራ መኪና ይመስላል አልኳት። የእናንተ ቶሎ ይቆሽሻል እንዴ?»

ከደረጃው ላይ ክብሩ እያያቸው ነው። ለሃሴት ብቻ በሚታይ ሁኔታ ራሱን ነቀነቀ፦ እንዳትናገሪ።

«ሶፊ፣ ግዙ ያልኩሽን ተይው» አለች ሃሴት። «እናትሽ ቀብዱን እንዳትከፍል። ቁጭ በይና ልንገርሽ።»

ሁሉንም ነገረቻት፤ ሳታነብ የተጫነችውንም፣ ክብሩ በነጻ እንከፍትላችኋለን ያላትንም። ደረጃውን ቀና ብላ ስታይ ክብሩ የለም።

ሶፍያ ሳምቡሳውን መብላት ትታለች። «እና አባትሽስ? ከኋላ ያለውን በምን ሊያይ ነው?»

ሃሴት ቀሚሷ ላይ የወደቀውን ፍርፋሪ አራግፋ ተነሣችና አርፋጆችን ወደሚቀጣው ዩኒት ሊደር ቢሮ ሄደች። በሩ ገርበብ ብሏል።

«ቲቸር፣ ልግባ?»

«ደግሞ ምን አጥፍተሽ ነው?»

«ገና አላጠፋሁም። ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሠላሳ ደቂቃ ላረፍድ ነው፤ አባቴ መኪናውን ወደ ኋላ ሲነዳ ወርዶ ኋላውን የሚያይለት ሰው ያስፈልገዋል» አለች። «ቅጣቱ ምን እንደሆነ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»