የእማማ በዛወርቅ አውራ ዶሮ

«አንጀቱን ነው ያልሽኝ?» አሉ እትዬ ጥሩሸዋ፣ ላባው ተነጭቶ ያለቀ ዶሮ በአንድ እጃቸው አንጠልጥለው።

«አዎ፣ እትዬ። ሥጋውን አይደለም። አንጀቱንና ትንሽ ከጉበቱ ብቻ።»

«ማነው የላከሽ?»

ሸዋረጋ ይህን ጥያቄ ከጠዋት ጀምሮ በየደጃፉ ስትመልስ ስለዋለች አፏ ለምዶታል። በፋሲካ ዋዜማ፣ ሰው ሁሉ ቄጠማውን በራሱ ላይ አስሮ ሽንኩርት ሲከትፍ፣ የዘመሮ ከተማን ቤቶች እያንኳኳች የዶሮ አንጀት የምትለምን ልጅ ምን ልትባል እንደምትችል ታውቃለች። አንዳንዶቹ አማትበው ነው የሰጧት። አንዷማ «ገብስማ ነው የሚሻልሽ ወይስ ቀይ?» ብላ በሩን ዘግታባታለች።

«ከደብረ ብርሃን የመጡት የእንስሳት ሐኪም ናቸው የላኩኝ፣ ዶክተር እስከዳር። ክረምት ላይ ዶሮዎቻችንን የፈጀውን በሽታ ሊመረምሩት ነው።»

«ፈንግል ነዋ። ይኸንን ለማወቅ አንጀት ምን ያደርጋል?»

«እሳቸው ደግሞ ዶሮ የሚገድል ሁሉ ፈንግል አይደለም ይላሉ። አንጀት ውስጥ የሚራባ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፤ ሲመረመር ነው የሚለየው አሉ።»

እትዬ ጥሩሸዋ አንጀቱን አየት አደረጉና፣ እንደ ሌሎቹ አማትበው ሸዋረጋ በዘረጋችው ፌስታል ውስጥ ጣል አደረጉት። «ለጥንቆላ ከሆነ ኃጢአቱ ባንቺ ነው» አሏት። ሸዋረጋ አመስግና ፌስታሉን ቋጠረችና በማርከር «ጥሩሸዋ» ብላ ጻፈችበት።

ሥራው የተጀመረው ከሆሳዕና በፊት ነው። ዶክተር እስከዳር ወደ ትምህርት ቤታቸው መጥተው የሳይንስ ክበቡን ልጆች ሰበሰቡ። «ለምርመራ ብዬ የሰው ዶሮ ማረድ አልችልም» አሉ። «በፋሲካ ዋዜማ ግን ሁሉም ቤት ራሱ ያርዳል። እኔ የምፈልገው እናንተ የምትጥሉትን ነው።» ከስምንተኛ ክፍል ሸዋረጋና ፍሬው ተመረጡ። ከመንገዱ በታች ያሉት ቤቶች ለእሷ፣ በላይ ያሉት ለእሱ ተሰጡ። በእጅ ሳይነኩ በፌስታል እንዴት እንደሚያነሡ፣ ከዚያም እጃቸውን በሳሙና እንዴት እንደሚታጠቡ ተማሩ። ሥራቸውን በደንብ ከሠሩ ደግሞ ዶክተሯ ከበዓሉ በኋላ ወደ ደብረ ብርሃን ወስደው ባክቴሪያውን በማይክሮስኮፕ ሊያሳዩአቸው ቃል ገቡ። የትምህርት ቤታቸው ማይክሮስኮፕ ሌንሱ ከጠፋ ስለቆየ፣ የሚያገለግለው በሩ በነፋስ እንዳይዘጋ ለመደገፍ ነበር። ስለዚህ ሁለቱም ደስታውን አልቻሉትም።

ሸዋረጋ ግን ከማይክሮስኮፑም በላይ የምትፈልገው ነገር አለ። ባለፈው ክረምት ከጫጩትነታቸው ያሳደገቻቸው ዶሮዎቿ በሙሉ አልቀውባታል። ክንፋቸውን ጥለው ይቆዝማሉ፤ ኩሳቸው ወደ ቢጫና አረንጓዴ ይለወጣል፤ በማግስቱ የሉም። አልቅሳለች፤ ወንድሞቿ ለዶሮ ይለቀሳል ወይ ብለው ስቀውባታል። ፍሬው ብቻ አካፋ ይዞ መጥቶ አብሯት ቀብሯቸዋል። አሁን አክስቷ የሰጠቻት ዶሮ ፈልፍላ፣ ጫጩቶቹ ቤት ውስጥ ቅርጫት ሥር እየተንጫጩ ነው። ወደ ግቢ ልልቀቃቸው ወይስ አልልቀቃቸው?

ዶክተር እስከዳርን የጠየቀቻቸውም ይህንኑ ነበር። በሽታው የጀመረው ከእሷ ቤት ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ በእማማ በዛወርቅ ግቢ ነው። የእሳቸው ዶሮዎች አልቀው የተረፈው አንድ ዓይኑ የጠፋ ገብስማ አውራ ዶሮ ብቻ ነው። እሱም በየቀኑ መንገዱን እየተሻገረ የሸዋረጋን ግቢ ሲጭር ይውላል።

«ከሞት የተረፈ ዶሮ ጤነኛ ይመስላል» አሏት ዶክተሯ። «ግን በሽታውን በሆዱ ይዞ በኩሱ ሊያዳርስ ይችላል። የዚያ አውራ ዶሮ አንጀት ምን እንደገደላቸው ሊነግረኝ ይችላል። ያንን ካወቅሁ ግቢው በምን እንደሚጸዳና ጫጩቶችሽን መቼ እንደምትለቂ እነግርሻለሁ። ሌላው ቢቀር እሱ እንዳይቀርብኝ።»

ከቀትር በኋላ ፍሬው ቄጠማው ወደ አንድ ጆሮው ተንሸራቶ፣ የራሱን ፌስታሎች ይዞ መጣ። ወትሮ ወሬው የማያልቅ ልጅ ዛሬ ቆጠብ ብሏል። ሸዋረጋ ፌስታሎቹን ዶክተሯ በሰጧት በረዶ ያለበት የክትባት ሳጥን ውስጥ እያስገባች ስሞቹን ታነባለች።

«የእማማ በዛወርቅንም አመጣኸው?»

«ዋናውንማ እንዴት ልተወው» አለ ፍሬው፣ ወደ ሌላ እያየ።

ሳጥኑን ግራና ቀኝ ይዘው የዶክተሯ መኪና ወደቆመበት አደባባይ ጉዞ ጀመሩ። ሸዋረጋ በደስታ እየዘለለች ልትሄድ ምንም አልቀራት። በእማማ በዛወርቅ አጥር በኩል ሲያልፉ ግን ከውስጥ አንድ አውራ ዶሮ ረዘም አድርጎ ጮኸ።

ሁለቱም ቆሙ።

«ሌላ ዶሮ ይሆናል» አለ ፍሬው።

ሸዋረጋ በአጥሩ ቀዳዳ አጮለቀች። ገብስማው እግሩን ከግንድ ጋር ታስሮ፣ በቀረችው አንድ ዓይኑ አፍጥጦ አያት።

«ፍሬው፣ አንጀቱ እኛ ሳጥን ውስጥ ያለ ዶሮ ነው የጮኸው።»

መጀመሪያ እሱ ሳቀ። ከዚያ እሷም ሳቋ አመለጣት፤ ሳጥኑን መሬት አስቀምጠው ሆዳቸውን ያዙ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ጥያቄው እዚያው ነበር።

«የማን ነው ታዲያ?»

«የኛ ዶሮ ነው። አንጀቱን ለሁለት ከፈልኩት» አለ ፍሬው ቀስ ብሎ።

«የናንተ ዶሮ ትናንት ከራቤል በኩል ከመጣ ነጋዴ የተገዛ አይደል? ስለኛ ሰፈር በሽታ ምን ሊናገር ነው?»

«እማማ በዛወርቅ ሊሰጡኝ እሺ ብለው ነበር እኮ። ግን ልጃቸው ከመሐል ሜዳ ይመጣል ሲባል መኪና አጥቶ ቀረ። የሚያርድ ወንድ በቤቱ የለም። ‹አንተ ጎረምሳ አይደለህ፤ ባርከህ እረድልኝና አንጀቱን ውሰድ› ብለው ቢላውን ሰጡኝ።»

«እና?»

«እመለሳለሁ ብያቸው ሄድኩ።»

«ለምን?»

ፍሬው በጫማው ጫፍ መሬቱን ጫር ጫር አደረገ። «አርጄ አላውቅም። አባቴ ሲያርድ እንኳ ፊቴን አዞራለሁ። በቃ፣ ደም ማየት አልችልም። ክፍል ውስጥ ቢሰማ ጉዴ ነው፤ ለማንም እንዳትነግሪ።»

ሸዋረጋን አሳዘናት። የሰፈሩ ልጆች ይህን ቢሰሙ ዓመቱን ሙሉ መላወሻ እንደሚያሳጡት ታውቃለች።

«ደግሞ እኛ ካልተናገርን ማን ያውቃል?» ቀጠለ ፍሬው። «አንድ ቤት ከጎደለ ማይክሮስኮፑ ይቀርብናል። አንቺ ደግሞ ከኔ በላይ ነው የጓጓሽው።»

እውነቱን ነው። ሸዋረጋ ሳጥኑን አየችው። ዝም ማለት ቀላል ነበር፤ ጓደኛዋም አያፍር፣ ጉዞውም አይቀር። ዶክተሯ የራቤሉን ዶሮ መርምረው «ንጹሕ ነው፤ ልቀቂያቸው» ይሏታል። እሷም ትለቃቸዋለች። ከዚያ ክረምት ይመጣና ፍሬው አካፋውን ይዞ ይመጣል።

ከአደባባዩ የመኪና ክላክስ ተሰማ። ሸዋረጋ የሳጥኑን ክዳን ከፍታ «በዛወርቅ» የሚለውን ፌስታል አወጣች።

«ይቺን የእሳቸው ናት ብዬ አልሰጥም» አለች። «አንተ እንዳደረግከው ግን ከኔ አፍ አይወጣም።»

«እኔስ ምን ላድርግ?»

«እንደፈለግክ። ቢላው እዚያ ነው። ሴት ያረደችውን እማማ በዛወርቅ አይቀምሱም እንጂ እኔ አርድልህ ነበር።»

ይኼኔ የግቢው በር ተከፍቶ እማማ በዛወርቅ ብቅ አሉ። «አንተ ልጅ፣ እመለሳለሁ ያልከው ለዳግማይ ትንሣኤ ነው እንዴ? የላባ መንጫው ውኃ ፈልቶ ፈልቶ አለቀ እኮ።»

ፍሬው እማማ በዛወርቅን አየ፣ ከዚያ ሸዋረጋን አየ። እሷ ግን ሳጥኑን ብቻዋን አንሥታ መንገድ ጀምራ ነበር።

አደባባዩ ላይ ተገኘ የሚባለው ሾፌር ሞተር አስነሥቶ ይጠብቃል። ዶክተር እስከዳር ፌስታሎቹን አንድ በአንድ እያዩ ወደ ትልቁ ማቀዝቀዣ አዛወሩና ቀና አሉ። «የእማማ በዛወርቅስ?» ዓይናቸው ሸዋረጋ በእጇ በያዘችው ፌስታል ላይ አረፈ። «እሱ ነው? አምጪው።»

ሸዋረጋ ፌስታሉን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። «ስማቸው ተጽፎበታል፣ ዶክተር፤ ግን የእሳቸው ዶሮ አይደለም።»

«ታዲያ ስማቸውን ማን ጻፈበት?»

«እሱን አልነግርዎትም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ዶክተር እስከዳር ፊታቸው ኮስተር አለ። «ስለ ማይክሮስኮፑ የተነጋገርነውን ታስታውሻለሽ?»

«አስታውሳለሁ። በጣም ነው ማየት የምፈልገው። ካስቀሩኝም ግን ይቅር። የሚሞቱት የኔ ጫጩቶች ናቸው።»

ዶክተሯ ፌስታሉን ደግመው አዩት። «እውነተኛውስ የት አለ?»

«ምናልባት እየመጣ ይሆናል። ላይመጣም ይችላል።»

«ተገኘ፣ ሞተሩን አጥፋው» አሉ ዶክተሯ።

ተገኘ ቤተሰቡ ሳይገድፍ እንደሚጠብቀው፣ መንገዱም አባጣ ጎርባጣ እንደሆነ ለራሱ እያወራ ሞተሩን አጠፋ። ሸዋረጋ ሽቅብ መንገዱን ታያለች። አንዲት ሴት በርበሬ ተሸክማ አለፈች። ሁለት ዲያቆናት አለፉ። ፍሬው የለም። ብዙ ቆየ፤ የሰፈሩ ልጆች መኪናውን ለማየት ተሰበሰቡ፤ ተገኘም ሰዓቱን ደጋግሞ አየ። ሸዋረጋ ፍሬው ወደ ቤቱ እንደገባ ልቧ ነገራትና ከፋት።

በመጨረሻ ከላይ በኩል መጣ። አይሮጥም። ሸሚዙ ላይ ደም ተረጭቷል፤ ቄጠማው ላይ ላባ ተሰክቷል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ፌስታሉን በሁለት እጁ እንደ እንቁላል አቅፎ ይዞታል።

«የእማማ በዛወርቅ ይኸ ነው» አለ ዶክተሯ ፊት ቆሞ። «ገና ትኩስ ነው።»

«ያኛውስ?» አሉ ዶክተሯ፣ ሸዋረጋ ወደያዘችው እያመለከቱ።

ሸዋረጋ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ፍሬው ግራና ቀኝ የተሰበሰቡትን ልጆች አየ። «ያኛው የኛ ቤት ዶሮ ነው። ስማቸውን የጻፍኩበት እኔ ነኝ። ማረድ ፈርቼ ነው። እኔን ቢያስቀሩኝም እሷን ይውሰዷት።»

ከልጆቹ አንዱ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ተገኘ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ምን ያስቃችኋል? እኔ ሚስት አግብቼ ልጅ ወልጄ እስከዛሬ የሚያርድልኝ ጎረቤቴ ነው» አለ። ሳቁ ወደ እሱ ዞረ።

ዶክተር እስከዳር አልሳቁም። ትኩሱን ፌስታል ተቀብለው ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት። ከዚያ «ደብረ ብርሃን በማይክሮስኮፕ የምታዩት ይኸንን ነው» ብለው ማርከሩን ለፍሬው ዘረጉለት። ፍሬው ተቀበላቸው። ሸዋረጋ ፌስታሉ እንዳይንሸራተትበት ከሥር ደገፈችለት፤ እሱም በጠማማ ፊደል «በዛወርቅ» ብሎ ጻፈ።