የእንግዳ ሽንት ቤት

ግንቦት 16 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ዓርብ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ታንጉት ከትምህርት ቤቱ አዲስ ሽንት ቤት በር ላይ ቆማ ነበር። ቁልፉ በክር ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ሽንት ቤቱን ሊጎበኙ የሚመጡት እንግዶች ከቢቸና ተነሥተዋል ተብሏል።

«አንቺ፣ ሸመደድሽው?» አለቻት የክፍል ጓደኛዋ ወይንእሸት።

«ሸምድጄዋለሁ።»

«እስቲ በይው።»

«‹ተማሪዎቻችን በሙሉ በዚህ ሽንት ቤት ይጠቀማሉ፤ ከዚያም እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ።›»

ወይንእሸት ሳቀች። «ሳሙናው እኮ ገና ከነወረቀቱ ነው።»

እውነቷን ነው። ሽንት ቤቱን ወላጆች ድንጋይ ተሸክመው፣ ቆርቆሮ አዋጥተው የሠሩት በጥቅምት ነበር። ሲያልቅ ርዕሰ መምህሩ መምህር የኔሰው «ልጆች ያበላሹታል፤ ለእንግዳ ይቆይ» አሉ። ማንም አልተቃወመም። በየቤቱስ ቢሆን ደህናው ብርጭቆ ከሳጥን የሚወጣው እንግዳ ሲመጣ አይደል? ቁልፉ ለንጽህና ክበብ ሊቀ መንበሯ ለታንጉት ተሰጠ። እሷም ኮራችበት። ተማሪው ግን እንደ ድሮው ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ሲጠማውም የሚጠጣው ከሸለቆው ሥር ካለችው ምንጭ ነው።

በመጋቢት አንድ ቀን የሁለተኛ ክፍል ተማሪዋ እህቷ ብሩክታይት እየሮጠች መጣች።

«እታለም፣ ክፈችልኝ።»

«የእንግዳ ነው አልኩሽ። እንደ ሰው ሁሉ ሸለቆ ውረጂ።»

«እኔስ እንግዳ ብሆን?» አለችና እየሳቀች ወረደች።

በዚያው ሳምንት ተቅማጥ ገባ። ስድስት ልጆች ታመሙ፤ አምስቱ ዳኑ። ብሩክታይት በቃሬዛ ስትወሰድ ቢቸና ሳትደርስ መንገድ ላይ ሞተች። እናታቸው «የእግዜር ቁጣ ነው» ይላሉ። ታንጉት ስለ ቁልፉ ለማንም አልተናገረችም።

መኪናው ደረሰ። ተማሪው ተሰልፏል። ደብተር የያዘች ሴት ወደ በሩ ቀረበች።

«ተማሪ ታንጉት፣ አስረጂ» አሉ መምህር የኔሰው።

ታንጉት የሸመደደችው ንግግር የተጻፈበትን ወረቀት አጣጠፈችው። «ከተሠራ ጀምሮ ተማሪ አልገባበትም» አለች። «ቁልፉ እኔ ጋ ነው። እህቴ ለምናኝ አልከፈትኩላትም።»

መምህር የኔሰው ወደ ሴትዮዋ ጠጋ አሉ። «እህቷ ሞታባት ሐዘን ላይ ናት። ይቅርታ አድርጉላት።»

«አይዞሽ የኔ እናት» አለች ሴትዮዋ። ደብተሯ ላይ ምንም አልጻፈችም።

ታንጉት ጓጉንቸሩን ከፍታ ከበሩ ነቀለችው። ከሁለተኛ ክፍል ሰልፍ ፊት የቆመችውን ትንሽ ልጅ እጇን ይዛ አመጣቻት።

«ግቢ» አለቻት።

ልጅቷ ወለሉን አየች፤ ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ሰው ጫማዋን ደጅ አውልቃ ገባች።

ሰኞ በሩ ላይ አዲስ ጓጉንቸር ነበር። ቁልፉ ለወይንእሸት ተሰጠ።