አስራ ሁለተኛው ካሴት

ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል ብዬ አላስመስልም። አይንቀጠቀጥም። ንዴቴ ከፍርሃቴ በልጦብኝ ነው የምጽፈው።

ግን የሆነ ነገር ነው። በገዛ ቤቴ፣ እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ፣ መብራት በርቶ ሳለ የሆነ።

የገና ዋዜማ ነበር። ከቀኑ አስር ሰዓት። ቢድጎሽች ከተማ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ።

በእኛ አገር በታህሳስ በዚያ ሰዓት ይጨልማል። የመጀመሪያዋ ኮከብ ስትታይ ነው ለማዕድ የምንቀመጠው። የምንበላው ሦስት ሰዎች ነበርን... ጠረጴዛው ላይ ግን አራት ሳህን ነበር።

በዋዜማ ማታ አንድ ትርፍ ሳህን ይቀመጣል። ላልታሰበ መንገደኛ ነው ይባላል። በእኛ ቤት የማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

የወንድሜ የቪቶልድ ነው። እናቴ ወንበሩ ላይ ማንንም አታስቀምጥም።

ቪቶልድ አንባቢ ነበር። በእኛ ዘንድ የውጭ ፊልም ሲታይ ተዋንያኑ በራሳቸው ቋንቋ ይናገራሉ፤ አንድ ሰው ደግሞ ግማሽ ትንፋሽ ዘግይቶ ትርጉሙን ያነባል። የወንዱንም፣ የሴቷንም፣ የሕፃኑንም ያው አንድ ድምፅ። አያለቅስ፣ አይስቅ። ዝም ብሎ ያነባል።

ወንድሜ ይህን የሚያደርገው መኝታ ክፍሉ ውስጥ በአንድ ርካሽ ማይክሮፎን ነበር። «የጨው ጨረቃ» የሚባል የሳይንስ ልብወለድ ተከታታይ ፊልም ነበር፤ ከጨው በተሠራች ጨረቃ ላይ መርከባቸው ስለተሰበረባቸው ሰዎች። አስራ ሁለቱንም ክፍል አንብቦ፣ በቪዲዮ ካሴት እያባዛ እሁድ ገበያ ላይ ሸጠው።

በሃያ ሁለት ዓመቱ ወንዙን በበረዶው ላይ ሊሻገር ሲል በረዶው ከዳው። ሰጠመ።

ፎቶው አለን። ሹራቡም አለ። ድምፁ ግን በእነዚያ ካሴቶች ላይ ብቻ ነው ያለው፤ እነሱንም እሱ ራሱ ለማያውቃቸው ሰዎች ሸጧቸዋል።

በኢንተርኔት ላይ የመወያያ ፎረም የከፈትኩት ለዚህ ነው።

የ«ጨው ጨረቃ» ወዳጆች ከየከተማው ተሰበሰቡ። በካሴት ሽፋን ቀለም ሦስት ሳምንት የሚጣሉ፣ በመርከቢቱ ክንፍ ምክንያት የሚኳረፉ ሰዎች ናቸው። እወዳቸዋለሁ። በእነሱ በኩል ካሴቶቹን አንድ በአንድ አገኘኋቸው... አስራ አንዱን። አስራ ሁለተኛው ግን የውሃ ሽታ ሆነ።

የፎረም ሰው ጥቃቅኑን ሁሉ ካልጻፈ እንቅልፍ አይወስደውም። እኔም ጻፍኩ። ወንድሜ የት ገጽ እንደሚገልጥ፣ የት እንደሚያስል። ሰባተኛው ላይ እናቴ ከማድ ቤት «ቪቱሽ፣ ና ብላ!» ብላ ስትጣራ መሰማቷን። የጎረቤት ውሻ መጮኹን።

ውሻው የሚጮኸው አራተኛው ላይ ነው። እኔ ተሳስቼ «አምስተኛው ላይ» ብዬ ጻፍኩ። በኋላ አየሁት፤ ላርመው እያልኩ ተውኩት።

ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

ፎረሙን ከእኔ ጋር የሚያስተዳድረው ሴቬሪን ይባላል። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ከፎረሙ ወደ ቤታችን መጣ፣ ከቤታችን ወደ ማዕዳችን ቀረበ። ለስድስት ዓመት የገና ዋዜማን ከእኛ ጋር አሳልፏል። ቧንቧችን ሲበላሽ የሚጠግነው እሱ፣ እናቴን ሐኪም ዘንድ የሚያመላልሳት እሱ። ወንድም አጥቼ ወንድም አገኘሁ ብዬ ነበር።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።

ከሦስት ዓመት በፊት «ካሴት ያረጃል ኦቲሊያ፣ ሳይበላሽ ወደ ኮምፒውተር ላስገባልሽ» አለኝ። አስራ አንዱንም በካርቶን አድርጌ በእጄ ሰጠሁት። በወሩ ጠራርጎ፣ አዲስ ልባስ አልብሶ መለሰልኝ። አቅፌ ሳምኩት።

በዚያው ሰሞን ካሴቶቹን ስንከፍት እናቴ አንድ ነገር ማለት ጀመረች።

«ይሄ ልጄ አይደለም።»

ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል፤ ዕድሜዋም ገፍቷል። «እማዬ፣ ምን ማለትሽ ነው፣ ራሱ ነው እኮ» እላታለሁ።

«እንደሱ ይናገራል። እሱ ግን አይደለም።»

ሐኪሙ በእርጅና የሚመጣ ነው አለ። እኔም አመንኩት።

እንግዲህ ወደ ዋዜማው ልመለስ። ሴቬሪን ቀደም ብሎ ደውሎ፣ «አስራ ሁለተኛውን ይዤ ነው የምመጣው!» ብሎኝ ነበር። ደስታውን አልቻልኩትም። ሾርባው እስኪፈላ ብዬ አንዱን ካሴት ከተትኩ። እጄ ላይ የመጣው አምስተኛው ነበር።

ዓሣውን ዱቄት እየቀባሁ ነው... ውሻው ጮኸ።

ቆምኩ።

አምስተኛው ላይ ውሻ የለም። አምስተኛው ላይ ውሻ ያለው እኔ ተሳስቼ በጻፍኩት ጽሑፍ ላይ ብቻ ነው።

አራተኛውን ከተትኩ። ጸጥ ያለ። ውሻ የለም።

ወደ አምስተኛው ተመለስኩ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

በገና ዋዜማ እንስሳት በሰው አፍ ያወራሉ ይባላል። በዚያ ካሴት ላይ ግን ሰው ነበር በውሻ አፍ የሚጮኸው። ከማይክሮፎኑ ራቅ ብሎ ቆሞ... ሁለት ጊዜ... ከዚያ ትንፋሹን ሲሰበስብ ይሰማል።

ሰባተኛውን ከተትኩ።

«ቪቱሽ፣ ና ብላ!»

ድምፁን ያቀጠነ ወንድ ነው። እናቴን ሆኖ የሚጣራ ወንድ።

ለሦስት ዓመት የገዛ እናቴን አላመንኩም፤ ሴቬሪንን ነበር ያመንኩት።

የበሩ ደወል ጮኸ።

ሴቬሪን በረዶውን እያራገፈ ገባ። «እማማ ጌኖቬፋ! ዘንድሮም የዓሣው ጭንቅላት የእኔ ነው፣ ከአሁኑ ልናገር!»

«ጫማህን አውልቅ» አለች እናቴ።

ጫማውን አውልቆ የእንግዳ ነጠላ ጫማችንን አጠለቀ። ከኮቱ ውስጥ ሽፋን የሌለው ካሴት አወጣ። ጎኑ ላይ በእርሳስ አስራ ሁለት ቁጥር ተጽፎበታል።

«ሞላልሽ ኦቲልካ!» አለ፣ እናቴ እንደምታቆላምጠኝ። «አንድ አባላችን ከሶፖት ከተማ ላከው።»

«ሰምተኸዋል?»

«ከእናንተ በፊት? ምን ነካሽ!»

አንገቱን ላንቀው ፈልጌ ነበር። ግን... ይህኛው እውነተኛ ቢሆንስ? እናቴ የልጇን ድምፅ የምትሰማበት ሌላ ነገር በዓለም ላይ አልቀረም።

ስሷን የገና ቂጣ ተቆራረስን። እንደ ልማዱ ይቅር ተባባልን። ሴቬሪን ዓይን ዓይኔን እያየ «የበደልኩሽ ካለ ይቅር በይኝ» አለ። ድምፁ እንኳን አልተንቀጠቀጠም።

ካሴቱን ከተትኩት።

የካሴቱ ሽሽሽ ድምፅ... ነጭ ጨው... የመርከቧ አዛዥ ሴትዮ ብቻዋን ቆማለች። ተናገረች።

ግማሽ ትንፋሽ ዘግይቶ አንባቢው ተከተለ።

«ማንም ካልመጣ እኔ እጠብቃለሁ።»

እናቴ እጄን ጨመቀችው። «እሱ ነው» አለች። «ኦቲልካ... ይሄ ልጄ ነው።»

እኔም አወቅሁት። ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በፊት ትንሽ እንቅ ይለዋል፤ ያንን ማንም አስመስሎ አያመጣውም። እንባዬ ወረደ። ወደ ሴቬሪን ጠጋ ብዬ አንሾካሾክሁ።

«የቀሩት ግን አንተ ነህ።»

«ምን?»

«ውሻው አምስተኛው ላይ አይደለም። እኔ ነኝ ተሳስቼ የጻፍኩት። አንተ የጻፍኩትን እያየህ ጮኽክ።»

ፊቱ አመድ መሰለ።

«ቀስ በይ... እማማ ይሰማሉ።»

«የወንድሜ ካሴቶች የት አሉ?»

«ምድር ቤቴ ውሃ ገባ። ተበላሹብኝ። ምን ብዬ ልንገርሽ? ፈራሁ።»

ከቴሌቪዥኑ፣ ግማሽ ትንፋሽ ዘግይቶ፣ ያው ምንም ስሜት የሌለው ድምፅ አነበበ።

«ውሃ አልገባም። የእኔን ድምፅ በላያቸው ቀዳሁባቸው።»

ሁለታችንም ወደ ቴሌቪዥኑ ዞርን። ሴትዮዋ አፏ ተዘግቷል፤ አንባቢው የሚተረጉመው ሴቬሪንን ነው። ጨዉን ታያለች።

«አጥፊው» አለ ሴቬሪን።

«አጥፊው» አለ አንባቢው።

አላጠፋሁም። «ካሴቱን ማነው የላከልህ?»

«አልኩሽ እኮ... ከሶፖት...»

«ደጃፌ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። እርጥብ ነበር» አለ አንባቢው።

ሴቬሪን ተነሳ። ወንበሩ ወደቀ። እኔ የቀረችኝን አንዲት ጥያቄ ጠየቅሁት፤ እስከ ዛሬ የምታቃጥለኝ እሷ ናት።

«ለምን? ምን አጎደልንብህ?»

«ስለምወዳችሁ! እማማ ድምፁን እንዳያጡ ብዬ!»

ግማሽ ትንፋሽ ዘግይቶ፣ ቀስ ብሎ፣ አንባቢው፣

«ያቺን ወንበር ፈልጌ ነው።»

እናቴ ያን ጊዜ ብቻ ፊቷን ወደ ሴቬሪን መለሰች። አልጮኸችም። «ልጄ፣ ብትጠይቀኝ ሌላ ወንበር አመጣልህ ነበር» አለች።

አንባቢው ቃል በቃል ደገመው።

«ውጣ» አልኩት።

«ውጣ።»

ነጠላ ጫማውን በሩ ሥር ጥሎ፣ የራሱን ጫማ ማሰሪያ ሳያስር ወጣ። ደረጃውን እየተደናቀፈ ሲወርድ ይሰማኛል። በሩን ቆልፌ ሰንሰለቱን አስገባሁ። ተመልሼ እናቴ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«አይዞሽ እማዬ። ማሽኑ ተበላሽቶ ነው።»

«እማዬ፣ ፈርቻለሁ» አለ የወንድሜ ድምፅ።

እናቴ እጄን ዳበሰችው። «አውቃለሁ።»

«አውቃለሁ።»

ቴሌቪዥኑ ላይ ሰው የለም። ጨው ብቻ... ነፋስ ብቻ...

«እማዬ... ብርድ ነው። ክፈቺልኝ።»

አንባቢ ቀድሞ አይናገርም። ሁልጊዜ ሌላ ሰው ተናግሮ ነው እሱ የሚከተለው። እኔ አልተናገርኩም። እናቴም አልተናገረችም።

እናቴ ተነሳች። ግድግዳውን እየዳሰሰች ወደ በሩ ሄደች።

«እማዬ፣ ተይ... እባክሽ!»

«ሠላሳ ዓመት ሳህን ሳስቀምጥ ለቀልድ መሰለሽ?»

ሰንሰለቱን ፈታች። ከፈተች።

ደረጃው ጨለማ ነው። ማንም የለም። የወንዝ ሽታ ያለው ብርድ ብቻ ገባ። እናቴ ለሚያልፍ ሰው መንገድ እንደሚለቀቅ ጎኗን ወደ ግድግዳው አስጠጋች... ቆየች... ከዚያ በሩን ዘጋች።

ወደ ክፍሉ ተመለስን። ፊልሙ ቀጥሏል። አዛዧ ሴትዮ ወደ ካሜራው እያየች በቋንቋዋ ረጅም ነገር ትናገራለች። ግማሽ ትንፋሽ ጠበቅሁ። ሙሉ ትንፋሽ ጠበቅሁ።

የሚያነብላት የለም።

ከዚያ ወዲህ ያንን ካሴት ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተዋንያኑ ብቻ ያወራሉ። ሴቬሪንን ከፎረሙ አባርሬዋለሁ፤ በሌላ ስም እየገባ «ይቅርታ» ይጽፋል። አልመልስለትም። አስራ አንድ ጊዜ ነው ወንድሜን የገደለብኝ።

በዚያች ሰዓት ግን እናቴ ቀዩን ሾርባ በአራተኛው ሳህን ላይ እየቀዳች ነበር።

«ብላ ልጄ፣ ይቀዘቅዛል።»

እኔ ወደ በሩ ሥር አየሁ። የእንግዳው ነጠላ ጫማ እዚያ አልነበረም።

ባዶው ወንበር ሥር ነበር። ጎን ለጎን፣ አፍንጫው ወደ ማዕዱ ዞሮ።

ዙሪያው ወለሉ ርሷል።