መኪናው ተሽጦ የቀረው ቁጥር

«ኧረ ልጄ፣ አባትሽ የት ደረሰ?»

መህራንጌዝ ቆመች። ለከሰዓት ፈረቃ ወደ ትምህርት ቤት እየሄደች ነበር፤ አሮጊቷ ቢቢ ኦይጃሞል መንገድ ዳር ጥቅላቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሻሻቸው በረዶ ጠጥቶ ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል። ከላይኛው መንደር በአህያ ወርደው ነው የመጡት።

ጧት መኪና ፈልገው በአባቷ ስልክ የደወሉት እሳቸው ኖረዋል። ለደዋይ ሁልጊዜ «መኪናው ዛሬ ሞልቷል፣ ነገ ይደውሉ» ነበር የምትለው። ጧት ግን ለሒሳብ ፈተና እያጠናች ስለነበር፣ ሴትዮዋም ስለለመኗት፣ «መንገድ ላይ ነው፣ ይደርሳል» ብላ ዘጋችባቸው።

«ቢቢ፣ ሌላ መኪና አላለፈም?»

«አንድ ሁለቴ አለፈ። አባትሽ ይመጣል ብዬ እጄን አላነሳሁም። የዓይን ሐኪሙ ፓንጃኬንት ከተማ የሚመጣው በወር አንዴ ነው፣ እስከ ቀትር ብቻ።»

ቀትር አልፏል። መህራንጌዝ ፈተናውን ትታ ጥቅሉን ተሸከመችና አሮጊቷን ወደ ራሷ ቤት ወሰደቻቸው። 

አባቷ ቶጂዲን ሰው የሚያመላልስበትን መኪና ለጎረቤታቸው ለኩርቦን ሸጦ ሞስኮ ከሄደ አምስት ወሩ ነው። ስልክ ቁጥሩን ግን አልሸጠም። ከክሊኒኩ በር እስከ ላይኛው ድልድይ በነጭ ቀለም የተጻፈው እሱ ነው። ኩርቦን ቁጥሩን ሲጠይቀው፣ «መኪናውን ነው የሸጥኩልህ፣ ስሜን አይደለም!» ብሎት ነበር። ከዚያ ቁጥሩ ያለበትን ባለ ቁልፍ አሮጌ ስልክ ለልጁ ሰጣት። በየወሩ ካርድ እንድትሞላ፣ ሄዷል እንዳትል አስጠነቀቃት። ለአዲሱ ዓመት እመለሳለሁ ብሏል። አዲሱ ዓመት አለፈ።

ዓርብ እንደ ልማዱ ደወለ።

«የኔ ልጅ፣ ማን ደወለ በዚህ ሳምንት?»

«ቢቢ ኦይጃሞል። በእኔ ውሸት ሦስት ሰዓት በረዶ ላይ ተቀመጡ። ሐኪሙም አመለጣቸው።»

«ማን መንገድ ላይ ነው በይ አለሽ? ሞልቷል በይ ነው ያልኩሽ!»

«ምኑ ነው የሞላው አባዬ? መኪናው ኩርቦን ግቢ ቆሟል! በመስኮት አየዋለሁ!»

እናቷ የምትሠራውን የሱፍ ካልሲ አስቀመጠች። «ድምፅሽን ቀንሺ። አባትሽ ነው።»

«አባቴ ከሆኑ ራሳቸው ይዋሹ! ሞስኮ ሆነው ያንሱት!»

ከሚሠራበት የግንባታ ቦታ የመዶሻ ድምፅ ይሰማ ነበር። አባቷ ቀስ ብሎ ተናገረ፤

«አሥራ አራት ዓመት ነው የነዳሁት። ሰው ሌላ ሹፌር ከለመደ አይመለስም። ስመጣ ማን ያውቀኛል?»

«መቼ ነው የሚመጡት?»

«ለፀደይ… ሥራው ካለቀ።»

«ለአዲሱ ዓመትም እንደዚሁ ብለው ነበር።»

«ትዘልፊኛለሽ እንዴ? ቁጥሩን ለማንም እንዳትሰጪ! ሰማሽ?»

ስልኩ ተዘጋ። እናቷ ካልሲውን መልሳ አላነሳችም። መህራንጌዝ ግቢውን አቋርጣ ወደ ኩርቦን ሄደች። ኩርቦን ጎማ ሲያጥብ አገኘችው።

«አጎቴ፣ ስልክ ቁጥርዎን ይንገሩኝ።»

ቀና ብሎ አያት። «አባትሽ ያውቃል?»

«እነግራቸዋለሁ።»

«ይቆጣሻል።»

«እኔም ተቆጥቻለሁ።»

ኩርቦን ጢሙን እያሻሸ ሳቀና ቁጥሩን ነገራት። መዳፏ ላይ ጻፈችው።

ማለዳ ላይ አሮጌው ስልክ ጮኸ። የማታውቀው ሰው ነበር።

«ሃሎ! ቶጂዲን ነው? ከላይኛው ድልድይ አካባቢ ነኝ፤ ሚስቴን ይዤ እወርዳለሁ።»

አፏ «ሞልቷል» ለማለት ተከፍቶ ነበር። መልሳ ገጠመችው። 

«ልጃቸው ነኝ። አባቴ ሩሲያ ሄደዋል። መኪናውን የገዙት ኩርቦን ግን እዚሁ ናቸው፤ ቁጥራቸውን ይጻፉ።»