በታርና ሦስተኛው መታጠፊያ አስራ አንድ ደቂቃ

እስኪ መልሱልኝ፤ ጤነኛ ሰው በጠራራ ፀሐይ አስራ አንድ ደቂቃ ሙሉ አንድ ቦታ ቆሞ፣ "አልቆምኩም" ብሎ ሊምል ይችላል?

አይችልም የምትሉ አንብቡ። "ፈጠራ ነው" ለማለት የምትቸኩሉም አንብቡና ከዚያ ተከራከሩኝ። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

ትናንት ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል። ቦታው የታርና ሸለቆ፣ ከእኛ መንደር አንድ ተራራ ተሻግሮ።

የብስክሌት ክበባችን በየክረምቱ መግቢያ አንድ ከባድ ጉዞ ያዘጋጃል። የዘንድሮውን መንገድ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ለእሑድ ዘጠና አራት ሰው ተመዝግቧል። አንዷ እህቴ ኡርሲና ናት።

በአዲሱ መንገድ መኪና ስለሚበዛ በአሮጌው እንውጣ አልኩ። በአንድ ወገን የድንጋይ ግድግዳ፣ በሌላው ገደል። የታርና መንደር ሊቀመንበር አቶ ዱሪ ካሚናዳ ፈቃዱን ፈረሙልኝ።

"ንጹሕ መንገድ ነው" አሉኝ።

ሰኞ ኡርሲና ወጥታ ሞከረችው። ማክሰኞ ፍሉሪን ወጣ። ክበባችን ውስጥ እንደ እሱ ፈጣን የለም፤ እንደ እሱ ጉረኛም የለም።

ረቡዕ ሦስታችን ተቀምጠን፣ የእጅ ሰዓቶቻቸው የመዘገቡትን ጉዞ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩ።

ሁለቱም ቆመዋል። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ...

አስራ አንድ ደቂቃ። ሁለቱም።

"ምን ሆነህ ቆምክ?" አልኩት።

"ማን፣ እኔ?" ሳቀ ፍሉሪን። "ሽማግሌው፣ እኔ ዳገት ላይ ስቆም አይተህ ታውቃለህ? የደከመው ኮምፒውተርህ ነው።"

"ኡርሲናም ቆማለች።"

"እሷማ ትቁም፣ ልማዷ ነው።"

"አፍህን ዝጋ" አለችው እህቴ ኬክ እየቆረሰች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ድምጿ ዝቅ አለ።

"ወንድሜ... እኔም አልቆምኩም።"

የልብ ምታቸውን አየሁ። ዳገቱ ላይ ሁለቱም ከመቶ ስልሳ በላይ ይመታሉ። መታጠፊያው ላይ ግን ሃምሳ ሁለት። እንቅልፍ የወሰደው ሰው ልብ።

የሁለቱም ሃምሳ ሁለት። አስራ አንዱንም ደቂቃ።

በማግስቱ ከሸለቆው ማዶ፣ ከመታጠፊያው ትይዩ ያለ ሜዳ ላይ ተቀመጥኩ። ሩቅ የሚያሳይ መነጽር ይዣለሁ። ፍሉሪን ከታች ተነሳ። ስልካችንን ክፍት አድርገናል።

ሰማዩ ጥርት ብሏል። ከበስተጀርባዬ የላሞች ቃጭል ይሰማል።

"አንደኛው መታጠፊያ" አለኝ እያለከለከ።

"ቀጥል።"

"ሁለተኛው። እየዘፈንኩ ልውጣልህ እንዴ?"

"ቀጥል አልኩህ።"

ሦስተኛው ላይ ደረሰ።

ቃጭሉ ጸጥ አለ። ሃምሳ ላም ይሆናሉ... ሁሉም በአንድ ጊዜ።

ፍሉሪን ከብስክሌቱ ወረደ። ብስክሌቱን በጥንቃቄ አስደገፈ። ወደ ግድግዳው ሄደና ግንባሩን ድንጋዩ ላይ ለጠፈ። እጆቹ ተንጠለጠሉ።

"ፍሉሪን" አልኩ በሹክሹክታ።

"ሦስተኛውን አለፍኩ" አለኝ በስልኩ። አሁንም ያለከልካል። "አየህ? ቆምኩ?"

እያየሁት ቆሟል። እየሰማሁት ይወጣል።

ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ራሱን መነቅነቅ ጀመረ። ትእዛዝ እንደሚቀበል ሰው።

እሺ... እሺ... እሺ...

አስረኛው ላይ "ጫፍ ደረስኩ" አለኝ። መነጽሩን ወደ ጫፉ አዞርኩ። ማንም የለም።

አስራ አንደኛው ላይ ብስክሌቱ ላይ ወጣ። ቃጭሉም ቀጠለ።

ኋላ ላይ ስንገናኝ ግንባሩ በድንጋይ አቧራ ነጥቷል። ያየሁትን ነገርኩት። አልቀለደብኝም። ግንባሩን በእጅጌው ጠርጎ ሄደ።

ለኡርሲና ደወልኩ።

"እሑድ አትሂጂ።"

"ቃል ገብቻለሁ።"

"ለማን?"

 

"አላውቅም" አለች። "ግን ገብቻለሁ።"

የክበቡን ሰዎች መንገዱን እንቀይር ብዬ ለመንኳቸው። ሊቀመንበሩ ፈርመዋል፣ መንገዱ ንጹሕ ነው፣ አንተ ደክሞሃል አሉኝ። ለሰው ነፍስ ከማሰብ ወረቀት መቁጠር የሚቀናቸው ሰዎች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብቻዬን ወደ ሜዳው ተመለስኩ።

አቶ ዱሪ ድርቆሽ በጫነ ትራክተር አሮጌውን መንገድ ሲወጡ አየኋቸው። ከሦስተኛው መታጠፊያ በፊት ፍጥነታቸውን ቀነሱ።

ባርኔጣቸውን አወለቁ። ፊታቸው ላይ ደፉት። በአንድ እጃቸው አጥብቀው ያዙት።

በሌላው እጃቸው መሪውን አዞሩ... ገደሉ አፍ ላይ... ምንም ሳያዩ። ጎማው ስንዝር አልሳተም። ሰው ይህን በአንድ ቀን አይለምደውም። የዕድሜ ልክ ልምድ ነው።

መታጠፊያውን ሲጨርሱ ባርኔጣቸውን መልሰው አጠለቁ።

ዛሬ ዐርብ ነው። አቶ ዱሪ ካሚናዳ፣ ነገ በአራት ሰዓት መንደርዎ አዳራሽ እገኛለሁ። እህቴን ይዣት እመጣለሁ። ሕዝብ ፊት ይቁሙና ይመልሱ፤ ፊትዎን የሸፈኑት ምን እንዳያይዎት ነው?