ያልጠራው ድምፅ

ጌም ሠሪው ፎቅ ላይ ካለው የሥራ ክፍሉ መስኮት ሥር፣ ግቢው ውስጥ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ደጋፊዎቹ «ዘገየ፣ አልዘገየም» እያሉ ሲነታረኩበት የከረሙት የጌሙ አዲስ ክፍል፣ አፕዴቱም፣ በዚያው ሌሊት ተለቆ ነበር። «ጨርሶ ተሰናበተን» አሉ። ፖሊሱም ሁሉ ራሱን ወርውሮ ነው ወደሚለው አዘነበለ።

መርማሪዋ ግን ለነገር የማትቸኩል ሴት ናት፤ አለቆቿ በዚህ ያሟታል። መጀመሪያ የሟችን እህት አነጋገረች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች እህትየው፣ ዓይኗ ደርቆ። «የዚያን ዕለት ደውዬ ‹ልቀቅላቸውና ተገላገል› አልኩት። አሁን ቤቱ ስገባ ከላይ ሲራመድ ይሰማኛል፤ ሳላብድ አልቀርም። ራሱን ወርውሮ ከሆነ ይንገሩኝ፣ ቁርጤን ልወቅ።»

ሁለተኛው የደጋፊዎቹን የኢንተርኔት ግሩፕ የሚመራው ልጅ ነው። ከስድብ ሲከላከልለት ስለኖረ «ጠበቃው» ይሉታል።

«አዲሱን ተጫወትከው?»

«እጄ እምቢ አለኝ። የእሱን ሥራ በማዳመጫ ካልሆነ አልነካውም፤ ጌሙ ማለት ድምፁ ነው። መቅጃውን ከፍቶ ነው የሚሠራው። የክፍሉ ድምፅ ሁሉ በቀጥታ ጌሙ ውስጥ ይገባል፤ ኋላ ቁጭ ብሎ የማይፈለገውን እያወጣ ያጠራዋል። ይኸው ነው የሚያዘገየው።»

ሦስተኛው ሥዕሎቹን የሚሠራው ባልደረባው ነው። «የሚሰደበው እኮ እሱ ብቻ አይደለም» አለ ሠዓሊው ምርር ብሎ። «የእኔን ድርሻ ከጨረስኩ ቆየሁ። ያን ዕለት ግን እግሬ እዚያ አልደረሰም።»

መርማሪዋ የሟች ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ማዳመጫ አድርጋ አፕዴቱን ከፈተች። ጌሙ ውስጥ በጨለማ ኮሪደር ሄዳ አዲሱ ክፍል ገባች። የሟች ድምፅ ጆሮዋ ሥር መጣ፤ «ገና ነው። ሳይጠራ አይወጣም።» ግብግብ ተሰማ። መስኮት ተንቋቋ። ጩኸት እየራቀ ሄደ፤ ከታች አንድ ነገር ዘጭ አለ። ከዚያ የሰው ትንፋሽ ብቻ ቀረ። ማዳመጫውን ከጆሮዋ ነጠቀችው። ግሩፑ ላይ ግን የጌሙ ድምፅ መስሏቸው «እንዴት ያስፈራል፣ መጠበቃችን አልከፋም» እየተባለ ነበር።

ሦስቱንም እዚያው የሥራ ክፍል ጠራቻቸው።

«ሟች አፕዴቱን ለቆ ነው የወደቀው ተብሏል» አለች። «የአወዳደቁ ድምፅ ግን ጌሙ ውስጥ አለ። ከወደቀ በኋላ ማን ለቀቀው?»

ሦስቱንም በየተራ አየቻቸው።

«እህቱ አፕዴቱ የሚለቀቅበትን የይለፍ ቃል አታውቅም። ሁለታችሁ ግን ሰጥቷችሁ ታውቃላችሁ። ጠበቃው ቢሆን ኖሮ ሳይሰማው አይለቀውም ነበር።» ወደ ሠዓሊው ዞረች። «እስቲ የጌሙን አዲስ ክፍል አንተ ክፈትልን።»

ሠዓሊው ተቀመጠ። ሌላ ምንም ሳይነካ ጣቱ ድምፁን ዘጋ።

«ለምን ዘጋኸው?»

«ልማድ ነው፤ እኔ የማየው ሥዕሉን...» አለና ቀጥ አለ። እሷ እጇን ዘርግታ ድምፁን ከፈተችው። የገዛ ትንፋሹን ሲሰማ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ሥራው አልቆ ነበር» አለ። «በዓይኔ አየሁት፣ ምንም አልጎደለውም። ገፋ አደረግኩት እንጂ ልገድለው ብዬ አልነበረም።»

እህትየው መርማሪዋን አየቻት። «ራሱን ወርውሮ አይደለም?»

«አይደለም።»

ያን ጊዜ ገና እንባዋ መጣ። ስታለቅስ ቆይታ ወደ ጠበቃው ዞረች። «አጥፋልኝ ያንን ነገር።»

«ከእኛ ዘንድ አጠፋዋለሁ፣ እህቴ። አውርደው የወሰዱት ግን ብዙ ናቸው፤ ከየቤቱ አይመለስም።»

«ታዲያ ወንድሜ በየሰው ቤት ሲወድቅ ሊኖር ነው?»